የኡጊን ዓይን ያነገሠው ዴክ፦ የ2016ቱ የአትላንታ ውድድር ከደሴ ሲመረመር

በደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ ጓደኛችን ቤት፣ በሳምንት አንድ ምሽት እየተሰበሰብን ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ የምንጫወት ጥቂት ሰዎች ነን። ዋናዎቹን ካርዶች በከተማችን ሱቆች ስለማናገኛቸው፣ በሰው እናስመጣ ብንል ደግሞ ዋጋቸው ከአቅማችን በላይ ስለሚሆን፣ ምስላቸውን በጠንካራ ወረቀት እያሳተምንና በመቀስ እየቆረጥን እንጠቀማለን። ባለፉት ወራት ከኮምቦልቻ እየመጣ የሚጫወተው ወዳጃችን በተከታታይ ሲያሸንፈን በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ዴኩ፣ ማለትም የካርድ ጥቅሉ፣ ከሁላችን ዴክ ስለሚበልጥ ነው» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ «እኛ ምን ይዘን እንደምንመጣ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው» አልን። ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ፣ የሒሳብ መምህር የሆኑትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን «ልጆች፣ በራሳችን ጨዋታ ላይ ከተከራከርን ፍርዱን ወዳጅነት ያጣምመዋል። ከእኛ የራቀ፣ ዴኮቹ በዝርዝር ተጽፈው የተቀመጡለት አንድ ውድድር እንምረጥና እሱን እንመርምር» አሉ።

የመረጥነው ከፌብሩዋሪ 5 እስከ 7 ቀን 2016 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ የተካሄደውን፣ ፕሮ ቱር የተባለውን የምርጥ ተጫዋቾች ውድድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ውድድር የመረጥንበት ምክንያት ሁለቱም የክርክራችን ወገኖች «ይኼ ለእኔ ይመሰክራል» ብለው የጠሩት እሱን ስለነበረ ነው። ዴኮቹን አሳትመን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ምሽቶች ደጋግመን ተጫወትንባቸው፤ እኔም ያየነውንና የደረስንበትን እንድጽፍ ተመረጥሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር ማስቀደም ግድ ይላል። ማጂክ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረውና በ1993 የወጣ ጨዋታ ሲሆን፣ ተጫዋቹ እንደ ኮንከር አንድ የጋራ ካርታ በውዞ የሚያድል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥቅል አስቀድሞ መርጦና አደራጅቶ የሚመጣበት ነው። ይህ ጥቅል ዴክ ይባላል። ቢያንስ 60 ካርድ ይይዛል፤ አቅም ከሚሰጡት ተራ ካርዶች፣ ማለትም ከመሠረታዊ መሬቶች በቀር የአንድ ካርድ ቅጂ ከአራት አይበልጥም፤ ከአንደኛው ጨዋታ በኋላ የሚቀየሩ 15 ተጠባባቂ ካርዶችም ይኖሩታል። እያንዳንዱ ተጫዋች በ20 ሕይወት ይጀምራል። በየተራው አንድ መሬት ብቻ ይዘረጋል፤ መሬቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማና፣ ማለትም ካርድ ለመጣል የሚከፈል አንድ አቅም ይሰጠዋል። ስለዚህ አራት ማና የሚጠይቅ ፍጡር፣ ማለትም ባላጋራን የሚያጠቃ ካርድ፣ በተለመደው አካሄድ ከአራተኛው ተራ በፊት አይወጣም። የዚህ ጉዳይ ምስጢር በሙሉ ያለው በዚህች በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ተጫዋቾች ሜታጌም ወይም በአጭሩ ሜታ የሚሉት ነገር ደግሞ ሌሎች ምን ይዘው እንደሚመጡ አስቀድሞ መገመትና የራስን ዴክ በዚያ ግምት መምረጥ ነው። የወሎ ነጋዴ ይህን ቃሉን ሳይሰማ ያውቀዋል። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ጭነቱን የሚያዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው፤ ከአፋር በኩል ምን እንደሚመጣ፣ ከደጋው ስንቱ እህል እንደሚጭን፣ ገና ገበያው ሳይቆም መገመት አለበት። ጭነቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ሁሉም ያንኑ ይዞ ከመጣ ዋጋው ይወድቃል። ገበያው መሐል ከደረሰ በኋላም ጭነቱን መቀየር አይችልም። የኮምቦልቻው ወዳጃችን የነጋዴ ልጅ ነውና ነገሩን ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ጋሼ ይህንኑ በቁጥር አሳዩን። አንድ ዴክ ፈጣን ዴኮችን ከመቶ 60 ጊዜ፣ ቀርፋፋ ዴኮችን ከመቶ 40 ጊዜ ያሸንፋል እንበል። ከተወዳዳሪዎቹ 70 በመቶ ፈጣን ዴክ ከያዙ አማካይ የማሸነፍ ዕድሉ 54 በመቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑ ተገልብጦ ቀርፋፋዎቹ 70 በመቶ ቢሆኑ፣ ያው ዴክ አንድም ካርድ ሳይለወጥበት ወደ 46 በመቶ ይወርዳል። ዴኩ አልደከመም፤ ገበያው ነው የተለወጠው። ይህ ምሳሌ ለማስረዳት የተሰላ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በአትላንታ የተካሄደው ውድድር የዴክ ክፍል ሞደርን በሚባለው ደንብ የሚመራ ነበር። ሞደርን በ2011 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ2003 ጀምሮ በመደበኛ ስብስቦች የታተሙ ካርዶችን ያስተናግዳል። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ በጃንዩዋሪ 18 ቀን 2016፣ የጨዋታው ባለቤቶች ሁለት ካርዶችን ከሞደርን አገዱ፤ እነሱም ስፕሊንተር ትዊን እና ሰመር ብሉም ናቸው። ከሁለቱ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። ስፕሊንተር ትዊን ከአንድ ትንሽ ፍጡር ጋር ሲጣመር በአራተኛው ተራ ማለቂያ የሌለው የአጥቂ ሠራዊት የሚያፈራ ካርድ ነበር። ስለዚህ ፈጣን ዴክ የያዘ ሁሉ ያለውን ሳይቆጥብ ወደ ፊት መሮጥ አይችልም ነበር፤ ለአራተኛዋ ተራ አንድ መከላከያ በእጁ ማስቀረት ነበረበት። ያ ስጋት ሲነሣ ልጓሙ ተፈታ። አፊኒቲ፣ በርን፣ ኢንፌክት የሚባሉት ፈጣን ዴኮች ያለ ሐሳብ መጋለብ ጀመሩ። የእነዚህ ዴኮች ደም ሥር ደግሞ በአንድ ማና ወይም ያለ ምንም ክፍያ የሚጣሉ ርካሽ ካርዶች ናቸው።

በዚያው ወር፣ በጃንዩዋሪ 22፣ ኦዝ ኦፍ ዘ ጌትዎች የተባለው አዲስ የካርድ ስብስብ ወጣ። በውስጡ ኤልድራዚ የሚባሉ ቀለም የለሽ፣ ማለትም ከጨዋታው ቀለሞች የአንዱም ያልሆኑ ፍጡሮች ነበሩበት። ዋነኞቹን ሦስቱን ልዘርዝር። ኤልድራዚ ሚሚክ ሁለት ማና የምትጠይቅ ትንሽ ፍጡር ስትሆን፣ ሌላ ቀለም የለሽ ፍጡር ከጎኗ በወጣ ቁጥር እስከ ተራው መጨረሻ ድረስ ጉልበቷን ከእሱ ጉልበት ጋር ታስተካክላለች። ቶውት ኖት ሲር በአራት ማና የሚወጣ፣ የማጥቃት ጉልበቱም መከላከያውም አራት የሆነ ፍጡር ነው፤ ሲወጣም የባላጋራውን እጅ አይቶ መሬት ያልሆነ አንድ ካርድ ይነጥቃል። ሪያሊቲ ስማሸር በአምስት ማና ይወጣል፤ ጉልበቱም መከላከያውም አምስት ነው፤ በወጣበት ተራ ያጠቃል፤ ባላጋራው በአንድ ካርድ ዒላማ ሊያደርገው ቢሞክር ሌላ ካርድ ካልጣለ በቀር ሙከራው ይከሽፋል።

እነዚህን ካርዶች ለብቻቸው ያየ ሰው «ጥሩ ናቸው፣ ግን ሞደርንን የሚያህል ፈጣን ሜዳ ላይ አምስት ማና እስኪሞላ ማን ይጠብቃል?» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ራሴ ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳነብ ያልሁት ይህንኑ ነው። ስሕተቱ ዋጋውን በካርዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማንበብ ነው። በ2010 የታተሙ ሁለት አሮጌ መሬቶች በሞደርን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ኤልድራዚ ቴምፕል ሲሆን፣ ለኤልድራዚ ሲከፈል ከአንድ ይልቅ ሁለት ማና ይሰጣል። ሁለተኛው አይ ኦፍ ኡጊን ነው፤ ከዚህ በኋላ የኡጊን ዓይን እለዋለሁ። የኡጊን ዓይን ራሱ ምንም ማና አይሰጥም፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሚጥለው ቀለም የለሽ ኤልድራዚ ሁሉ ዋጋው በሁለት ይቀንስለታል።

«ሁሉ» የሚለው ቃል ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቴምፕል በአንድ ተራ የሚጨምረው አንድ ማና ብቻ ነው፤ ከተጠቀሙበት በኋላ እስከሚቀጥለው ተራ ያርፋል። ዓይኑ ግን በአንድ ተራ ሦስት ፍጡር ቢጣል ሦስቱንም ያረክሳል። በጠረጴዛችን ላይ የሠራነውን አንድ አካሄድ ልግለጽ። በመጀመሪያው ተራ የኡጊን ዓይን ተዘረጋ፤ ሚሚክ ዋጋዋ ሁለት ነውና ከዓይኑ ቅናሽ በኋላ ነጻ ሆነች፤ በእጃችን ሦስት ስለነበሩን ሦስቱንም ያለ ምንም ክፍያ ጣልናቸው። በሁለተኛው ተራ ቴምፕል ተዘረጋ፤ ሁለት ማና ሰጠ፤ የቶውት ኖት ሲር ዋጋ ከአራት ወደ ሁለት ስለወረደ በዚያው ተጣለ፤ የባላጋራችንንም ምርጥ ካርድ ወሰደ። ሦስቱ ሚሚኮች እያንዳንዳቸው ባለ አራት ጉልበት ሆነው አጠቁ፤ 12 ሕይወት ሄደ። በሦስተኛው ተራ አንድ ተጨማሪ መሬት መጣ፤ ከቴምፕል ጋር ሦስት ማና ሆነ፤ ሪያሊቲ ስማሸር በሦስት ተጣለና በዚያው ቅጽበት አጠቃ። ሚሚኮቹም ባለ አምስት ጉልበት ስለሆኑ ቶውት ኖት ሲር ሳይቆጠር እንኳ የዚያ ተራ ጥቃት ብቻውን 20 ይሞላል። የቀረው ሕይወት ግን ስምንት ነበር። አፊኒቲ የያዘው ታናሻችን ካርዶቹን በእጁ እንደያዘ ዝም ብሎ ቀረ።

በእርግጥ ይህ የተመረጠ እጅ ነው፤ ሁልጊዜ አይመጣም። ስንት ጊዜ ይመጣል የሚለውን ጋሼ አሰሉልን። ከ60 ካርድ ውስጥ አራት የኡጊን ዓይን ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ከሁለቱ መሬቶች ማለትም ከስምንቱ ካርዶች ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድል ደግሞ ከ65 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። የኡጊን ዓይን ልዩ ካርድ በመሆኑ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሜዳ ላይ ሊያቆም አይችልም፤ ሁለተኛው ቅጂ በእጅ ሲመጣ በአብዛኛው ብክነት ነው። እንዲያም ሆኖ አራቱን መያዝ ትክክል ነበር፤ ቅጂውን ወደ ሦስት ብንቀንሰው የመክፈቻው ዕድል ከ40 ወደ 31.5 በመቶ ይወርዳልና። ብክነቱ ከዚያ ኪሳራ ያንሳል። በዚህ ስሌት ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ እኔ በበኩሌ የዴክ አሠራር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ያለው አይመስለኝም።

ሁለቱ መሬቶች ለስድስት ዓመታት ያህል በሁሉም ሰው ፊት የነበሩ ናቸው። እንዲያውም በ2015 መጨረሻ አካባቢ ጥቁር ቀለም ያለበት፣ ቀርፋፋ የኤልድራዚ ዴክ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ይህ ዴክ የባላጋራን የተጣሉ ካርዶች እየለቀመ፣ ቀስ በቀስ የሚያሸንፍ ነበር። ለእኔ የጉዳዩ አስተማሪ ክፍል እዚህ ላይ ነው። አዲሶቹ ካርዶች ሲወጡ ብዙ ሰው ያደረገው ነገር በነባሩ ቀርፋፋ ዴክ ውስጥ መጨመር ነው፤ ዴኩ በመጠኑ ተሻሻለ፤ «ጥሩ ነው» ተባለና ታለፈ። የተሳካላቸው ግን ቀርፋፋውን አካል ሙሉ በሙሉ ጥለው፣ ሁለቱን መሬቶች መነሻ በማድረግ «ዓይኑ ነጻ ወይም ርካሽ የሚያደርጋቸው ካርዶች የትኞቹ ናቸው?» ብለው እንደገና የጀመሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ ቀርፋፋ የሚመስለው ዴክ ከፈጣኖቹ ሁሉ ጋር እኩል የሚሮጥ፣ ጉልበቱ ግን ከእነሱ እጥፍ የሆነ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ወደ አትላንታ ኤልድራዚን ይዘው የመጡት ከተወዳዳሪዎቹ ጥቂቶቹ ነበሩ፤ እነሱም ሁሉም አንድ ዓይነት ዴክ አልያዙም። ሁለት ዋና ዋና አሠራሮች ነበሩ፤ የዴክ ምርጫ ጥያቄ ጥልቀቱ የሚታየውም በሁለቱ መካከል ነው።

አንደኛው ሙሉ በሙሉ ቀለም የለሽ ነበር። ይህ አሠራር ቻሊስ ኦፍ ዘ ቮይድ የተባለውን ካርድ ይይዛል፤ ጽዋው ብለን እንጥራው። ጽዋው ሁለት ማና ተከፍሎበት በቁጥር አንድ ላይ ሲቆም፣ ዋጋው አንድ ማና የሆነ ካርድ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይከሽፋል። ከእጅ በነጻ ተጥሎ አንድ ማና የሚሰጥ ሲሚያን ስፒሪት ጋይድ የሚባል ፍጡር ስለሚያግዘው ጽዋው በመጀመሪያው ተራ ሊቆም ይችላል። ከላይ እንደተናገርሁት ስፕሊንተር ትዊን ከታገደ በኋላ ሜዳውን የሞሉት ፈጣን ዴኮች በአንድ ማና ካርዶች የሚኖሩ ነበሩ። ስለዚህ ይህን አሠራር የመረጡት ሰዎች ዴካቸውን ያዘጋጁት ለሚጠብቃቸው ሜዳ ነው። እኛም በርን የተባለውን ዴክ አሳትመን ስንሞክረው፣ ጽዋው በመጀመሪያው ተራ የቆመባቸው ጨዋታዎች ለበርን ተጫዋች ገና ሳይጀመሩ ያለቁ ነበሩ።

ሁለተኛው አሠራር ሰማያዊና ቀይ ቀለም የጨመረ ነው። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ከዚያ ቀደም በኦክቶበር 2015 በወጣው ስብስብ ዴቮይድ የሚባል ባሕርይ መጥቶ ነበር፤ ይህ ባሕርይ ያለው ካርድ ዋጋው በቀለም ማና የሚከፈል ቢሆንም እንኳ በደንቡ ቀለም የለሽ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የኡጊን ዓይን ለእነዚህም ዋጋ ይቀንሳል። ለምሳሌ ኤልድራዚ ስካይስፓውነር ሦስት ማና የሚጠይቅ፣ የሚበርና አንዲት ትንሽ ረዳት ይዞ የሚወጣ ፍጡር ነው፤ ከዓይኑ ጋር ግን በአንድ ሰማያዊ ማና ይወጣል። ቫይል አግሪጌት ደግሞ ጉልበቱ በሜዳ ላይ ባሉት የባለቤቱ ቀለም የለሽ ፍጡሮች ብዛት የሚለካ፣ መከላከያው አምስት የሆነ ነው። ድራውነር ኦፍ ሆፕ ሁለት ረዳቶች ይዞ ይወጣል፤ ረዳቶቹም እየተሠዉ የባላጋራውን ፍጡሮች ያስተኛሉ። ጽዋው በዚህ አሠራር ዋና ጥቅል ውስጥ የለም።

አሁን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ምን ይሆናል? የቀለም የለሹ ጽዋ በቁጥር አንድ ላይ ቢቆም ከላይ የዘረዘርኋቸውን የሰማያዊና ቀዩን ፍጡሮች አንዳቸውንም አይነካም፤ ዋጋቸው በካርዱ ላይ የተጻፈው ነውና፤ ዓይኑ የሚቀንሰው ክፍያውን እንጂ የተጻፈውን ዋጋ አይደለም። ይህን ደንብ ሁለታችን በስሕተት ተረድተነው ስለነበር አንድ ሙሉ ምሽት የተጫወትነው ሁሉ ዋጋ አጥቶ እንደገና ጀምረናል። እንግዲህ በዚህ ግጥሚያ ጽዋው ባዶ ካርድ ነው፤ የሰማያዊና ቀዩ ወገን ግን በራሪዎች፣ ትልልቅ አካሎችና ረዳቶች አሉት። በጠረጴዛችን ላይ ሁለቱን ስናገናኝ ሜዳው በፍጡር ሲሞላ፣ ማንም ማንን መምታት ሲያቅተው፣ በራሪው እየበረረ ጨዋታውን ሲጨርስ ደጋግመን አይተናል።

ጋሼ በዚህ ላይ የጨመሩት ስሌት ከሁሉም በላይ አሳምኖኛል። የምትጫወትበት ሜዳ ግማሹ ያንተኑ ዴክ የያዘ ከሆነ፣ በሌሎቹ ላይ ያለህ ብልጫ የሚቆጠረው ለግማሹ ብቻ ነው። ሌሎቹን 60 በመቶ፣ የራስህን ዓይነት 50 በመቶ ብታሸንፍ አማካይህ 55 ነው። ከሌሎቹ ላይ ሦስት ነጥብ ተቀንሶ 57 ቢሆን፣ በራስህ ዓይነት ላይ ግን ስምንት ነጥብ ብታተርፍና 58 ብትሆን፣ አማካይህ 57.5 ይሆናል። ዴኩ እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር የሚጠቅመው ሌላውን መምታት ሳይሆን ወንድምን መብለጥ ነው።

ውጤቱ በመዝገብ ያለ ነው። ለመጨረሻው ስምንት ካለፉት ተጫዋቾች ስድስቱ ኤልድራዚ የያዙ ነበሩ። ሉዊስ ስኮት ቫርጋስ፣ ሹሄይ ናካሙራና ኢቫን ፍሎክ ቀለም የለሹን፣ ጂያቼን ታኦ፣ አንድሪው ብራውንና ፍራንክ ሌፖር ሰማያዊና ቀዩን ይዘው ነበር። የቀሩት ሁለቱ፣ ፓትሪክ ዲክማንና ፓስካል ሜይናርድ፣ አፊኒቲ የያዙ ናቸው። ለፍጻሜ የደረሱት ታኦና ፍሎክ ሲሆኑ፣ ሻምፒዮን የሆነው የሰማያዊና ቀዩ ወገን የሆነው ታኦ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ማስገባት እወዳለሁ። በዚያ ዘመን ፕሮ ቱር 16 ዙር ሲኖረው፣ ከእነዚህ ዙሮች ስድስቱ፣ ተጫዋቾች እዚያው ከተከፈቱ ካርዶች ዴክ የሚሠሩባቸው የድራፍት ዙሮች ነበሩ፤ በሞደርን ዴክ የሚካሄዱት አሥሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ስምንት መግባት የዴክ ጥራት ብቻ ሳይሆን የድራፍት ችሎታም ውጤት ነው። ናካሙራና ስኮት ቫርጋስ በጨዋታው የክብር መዝገብ የተመዘገቡ፣ ፍሎክም በ2014 ፕሮ ቱር ያሸነፈ ሰው ነው። «ዴኩ ነው ያሸነፈው» የሚለው ወገናችን ይህን ሲሰማ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ቢሆንም ከስምንት ስድስት በችሎታ ብቻ የሚገለጽ ቁጥር አይደለም።

የአፊኒቲም መገኘት ችላ ሊባል አይገባም። አፊኒቲ በራሪዎችና በነጻ የሚጣሉ ካርዶች ያሉት በመሆኑ ኤልድራዚ እጁን ሳያደራጅ ከላይ አልፎ ሊመታው ይችላል። ታናሻችን ከዚያ ከላይ ከተረኩት ሽንፈት በኋላ ዴኩን ሳይጥል ቀጥሎ፣ እኔን በዚህ መንገድ ደጋግሞ አሸንፎኛል።

ከአትላንታ በኋላ የሆነው ነገር የሜታን ሌላ ገጽ ያሳያል። ዝርዝሩ በአንድ ሌሊት የሁሉም ሰው ሆነ። ተጫዋቾች ያን ወቅት የኤልድራዚ ክረምት ብለው ይጠሩታል፤ ለእኛ የበጋ ወር ቢሆንም ለእነሱ የብርድ ጊዜ ነበርና። በማርች በዲትሮይት፣ በቦሎኛና በሜልበርን ትላልቅ የሞደርን ውድድሮች ሲካሄዱ ኤልድራዚ ሜዳውን ተቆጣጥሮት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ኤልድራዚ ዲስፕሌሰር የተባለውን ፍጡር የያዘ ሦስተኛ አሠራር ጎልቶ ወጥቷል። ጋሼ በቁጥር ያሳዩን ወንድምን የመብለጥ ሩጫ ማለት ይህ ነው።

መድኃኒት የፈለጉም ነበሩ። በጠረጴዛችን የሞከርነው ብለድ ሙን የሚባለውን ነው፤ ይህ ካርድ መሠረታዊ ያልሆኑ መሬቶችን ሁሉ ተራ ተራራ ስለሚያደርግ የኡጊን ዓይንንም ያሳውራል። በወረቀት ላይ ፍጹም መድኃኒት ነው። ነገር ግን ዋጋው ሦስት ማና ነው፤ በሦስተኛው ተራ ሲቆም ሚሚኮቹ ቀድመው ወጥተው፣ ቶውት ኖት ሲርም ራሱን ብለድ ሙንን ከእጅ ነጥቆ ሊሆን ይችላል። እንስነሪንግ ብሪጅ የተባለው፣ ጉልበታቸው ከባለቤቱ የእጅ ካርዶች ብዛት የሚበልጡ ፍጡሮች እንዳያጠቁ የሚከለክለው ካርድም ዋጋው ሦስት ስለሆነ ያው ዕጣ ይደርሰዋል። በተለመደው ሜታ አንድ ዴክ ሲበዛ መድኃኒቱ ይበዛበትና ሚዛኑ ይመለሳል። እዚህ ግን በሽታው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ ስለዚህ ሚዛኑ በራሱ ሊመለስ አልቻለም።

በኤፕሪል 4 ቀን 2016 የኡጊን ዓይን ከሞደርን ታገደ። ኤልድራዚ ቴምፕል ግን ተተወ፤ ዛሬም ያገለግላል። በዚያው ማስታወቂያ ከእገዳ የተፈቱ ሁለት ሌሎች ካርዶች ነበሩ፤ እነሱም አንሴስትራል ቪዥንና ሶርድ ኦፍ ዘ ሚክ ናቸው። ከሁለቱ መሬቶች ለምን ዓይኑ ተመረጠ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ከላይ የጠቀስሁት «ሁሉ» የሚለው ቃል ነው። ቴምፕል ያለበት ኤልድራዚ ጠንካራ ዴክ ነው፤ ግን በአንድ ተራ ሦስት ፍጡር በነጻ አያወጣም፤ ብለድ ሙንም ይደርስበታል። ዓይኑን አውጥተን ያንኑ ዴክ ስንጫወት በርንም አፊኒቲም መተንፈስ ችለዋል። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ ግን ቴምፕልም አብሮ መታገድ ነበረበት ይላሉ፤ ክርክራቸውንም አልተዉም።

ወደ ራሳችን ክርክር ስመለስ፣ የኮምቦልቻውን ወዳጃችንን ዴክ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ካርድ በካርድ አየነው። የኡጊን ዓይንን የሚመስል፣ ዋጋን ከሥሩ የሚንድ ነገር አልተገኘበትም። ተራ ዴክ ነው፤ ተጠባባቂዎቹ 15 ካርዶች ግን ለየአንዳንዳችን ተለክተው የተሰፉ ነበሩ። አሥራ አምስቱን አንድ በአንድ ስናነብ ይኼ ለአንተ፣ ይኼ ለእኔ፣ ይኼ ለጋሼ እያልን ባለቤቱን እንለይ ነበር። እሱም አልካደም፤ «አብሽሩ፣ እናንተን እንጂ ዴካችሁን አልሰረቅሁም» ሲል ለእኛ የቀረን ነገር የምናመጣውን አስቀድሞ እንዳያውቅ ማድረግ ብቻ መሆኑ ገባን።

ስለዚህ ጋሼ አዲስ ሥርዓት አበጁ። እያንዳንዳችን የዴካችንን ዝርዝር ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን፣ ከመጫወቻችን ምሽት በፊት ለእሳቸው እንሰጣለን፤ ፖስታው የሚከፈተው ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ነው። የኡጊን ዓይን በእኛም ጠረጴዛ ታግዷል፤ ቴምፕል ተፈቅዷል። ባለፈው ሐሙስ የኮምቦልቻው ወዳጃችን ስልክ ደውሎ ከሰላምታው በኋላ «ለመሆኑ ስንቶቻችሁ ናችሁ ቴምፕል ያሳተማችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማተሚያ ቤቱ ሄዶ እንዲጠይቅ ነገርሁት፤ እኔ ፖስታዬን ለጋሼ ያስረከብሁት በዋዜማው ነበር።